ሳንባ ከደጋ፣ ላብ ከቆላ

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የደመራ ምሽት ነበር። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደመራው ነዶ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ተመልሷል። በዚያችው ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የባሕር ዳርቻ 68 ሴቶች ለዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ተሰልፈው ቆመው ነበር። ሩጫው ወደ ሌሊት የተገፋው በዚያ አገር ፀሐይ ሰውን 42 ኪሎ ሜትር ማስሮጥ በነፍስ መጫወት ስለሆነ ነው። ሌሊቱ ግን ከቀኑ ብዙም አልራራም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ 73 በመቶ ነበር።

ከ68ቱ 28ቱ አቋርጠው ወጡ። አንዳንዶቹ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አንዳንዶቹ በቃሬዛ ተወሰዱ። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ያሸነፈችበት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ታሪክ እጅግ የዘገየው የአሸናፊ ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ። ኢትዮጵያን ወክለው የተሰለፉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ግን ከነጭራሹ የመጨረሻውን መስመር አላዩም። ሦስቱም አቋርጠዋል።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያው ከተማና በዚያው ሰዓት፣ ወንዶቹ ተራቸው ደረሰ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ሞስነት ገረመው አራት ሰከንድ ዘግይቶ ብሩን አገኘ። ያን ሌሊት ሙቀቱ ወደ 29 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ እርጥበቱም ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር።

አንድ ከተማ፣ አንድ ባንዲራ፣ በስምንት ቀን ልዩነት ሦስት ማቋረጥና ሁለት ሜዳሊያ። በአገር ቤት የዚህ ዓይነቱ ነገር በሁለት ቃል ይዘጋል፦ ያሸነፈው «ጀግና»፣ ያቋረጠው «ሙቀቱ ከብዶት»። ሙቀት እንደ ዕድል፣ እንደ ዕጣ ተቆጥሮ ይታለፋል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሙቀት የሚለመድ ነገር ነው፤ በሙቀት ውስጥ መጠጣትም ሥልጠና ነው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ጥሩው መነሻ ዶሃ ሳይሆን የመንዝ ጓሳ ነው።

◆ የበርኖስ አገር

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ቀዝቃዛ አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለእረኛ ጌሳ ይውላል። ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮው በሣሩ መካከል አይጥ ያድናል። በበጋ ሌሊት ውርጭ መሬቱን ያነጣዋል። የመንዝ ሰው ከበጉ ፀጉር በርኖስ የሠራው ለጌጥ ብቻ ብሎ አይደለም።

ጓሳ የሯጮች ካምፕ አይደለም። የአገሪቱ ሯጮች የሚሠለጥኑት ከዚያ ዝቅ ባሉ ቦታዎች፣ በእንጦጦ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በደብረ ብርሃንና በበቆጂ ነው። ሆኖም ጓሳ የዚያው ደጋ የላይኛው ጫፍ ስለሆነ የደጋውን ጠባይ አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሰውነት ይህን ጉድለት ለማካካስ ቀይ የደም ሴሎቹን ያበዛል፤ ልብና ሳንባ ይጠነክራሉ። የአበበ ቢቂላ የትውልድ ቦታ ጃቶም፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመንዲዳ አጠገብ፣ የዚሁ ደጋ ልጅ ናት። ደጋው ለኢትዮጵያ ሯጮች የሰጠው ስጦታ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው።

ያልሰጣቸው ነገር ግን ብዙም አይወራም። ደጋው የሰውን ላብ አያሠለጥንም። የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት አንድ አራተኛው ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ይህን ሙቀት የማስወጫው ዋና መንገድ ላብ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ግን ስለፈሰሰ ሳይሆን ስለተነነ ነው። በደጋው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ላቡ ገና ከቆዳ ሲወጣ ይተናል፤ ሯጩም ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አያየውም። በየትንፋሹም ከሳንባው ብዙ እርጥበት ይወጣል። ብርዱ ደግሞ የጥም ስሜትን ያደበዝዛል። ስለዚህ የደጋ ሯጭ ሳይጠማው ውሃ ያጣል፤ ሳይጠጣም ልምምዱን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። ይህን ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ውሃ ለሩጫ አያስፈልግም ብሎ ማመኑ አይቀርም።

ከዚያ አንድ ቀን ዶሃ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል፤ ወበቁ ላቡን አይቀበለውም። ላቡ ሳይተን ተንጠባጥቦ መሬት ይወርዳል። ሰውነት የማይጠቅም ላብ እያፈሰሰ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው። ደሙ ይቀንሳል። የቀረው ደም ደግሞ በሁለት ጌቶች ይጎተታል፦ ጡንቻው ኦክስጅን ይፈልገዋል፣ ቆዳው ለማቀዝቀዣ ይፈልገዋል። ልብ ሁለቱን ለማድረስ እየሮጠ ይደክማል። ያኔ ትልቅ ሳንባ ብቻውን አያድንም። የሴቶቹና የወንዶቹ ሌሊት ልዩነትም ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የሦስት ዲግሪው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የእርጥበቱ ልዩነት ግን የላብን ሥራ ከመፍቀድና ከመከልከል ጋር የሚቀራረብ ነበር።

◆ ቆላ ወራጁ የሚያውቀው

የሸዋ ደጋ ሰው ሙቀትን አያውቅም ማለት ግን አይደለም። የጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ይፋት፣ ከይፋት ወዲያ አፋር አለ። ደጋና ቆላ በዚህ ገደል በኩል ለዘመናት ሲገበያዩ ኖረዋል። ጨው ከአፋር በረሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የደጋው እህል ወደ ታች ይወርዳል። በ1841 በዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ በዚያው በረሃ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ በአሳል ሐይቅ አካባቢ በውሃ ጥም ክፉኛ ተፈትኗል። ያሻገሯቸው የአገሩን ጠባይ የሚያውቁት የበረሃው ሰዎች ናቸው። መንገዱ በሌሊት ይኬዳል፤ ውሃ በስልቻ ይጫናል፤ ቀኑ ላይ በጥላ ይታረፋል። ዶሃ ላይ ማራቶኑን ወደ እኩለ ሌሊት ያዞሩት ባለሥልጣናት የደረሱበትን ብልሃት ነጋዴው አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

የመንገደኛው ስንቅም ቢሆን ትምህርት ነበረው። የመንዝ ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ጨው ሲገባበት፣ ማር ወይም ስኳር ሲጨመርበት፣ ውሃ፣ ጨውና ኃይል ሰጪ ምግብ በአንድ ዋንጫ ሆነ ማለት ነው። ገብስ ከደጋ፣ ጨው ከቆላ። ዛሬም ብዙ ሯጮች ከልምምድ በኋላ በሶ ይጠጣሉ። በ1965 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ በሙቀት ለሚዝሉ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ውሃ፣ ጨውና ስኳር አዋሕደው ጌቶሬድን ሲሠሩ፣ መሠረታዊ ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ እነሱ ለክተው፣ ጽፈውና አሽገው መሸጣቸው ነው።

◆ ውሃ ነውር የነበረበት ዘመን

(ከዚህ በኋላ ያሉት የውድድር ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃን የናቁት ኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበሩም። በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶን፣ በ32 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በአቧራማ መንገድ፣ ሯጮቹ ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ሁለት በማይበልጥ ቦታ ነበር። ይህ የዝግጅት ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ከአዘጋጆቹ ዋናው ጄምስ ሱሊቫን የውሃ እጥረት ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈልጎ ነበር። ከ32 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 14 ናቸው። አሸናፊው ቶማስ ሂክስ ውሃ ሲለምን አፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረጉለት፤ ከዚያ ይልቅ ከእንቁላል አስኳል ውጪ ባለው ነጩና በብራንዲ የተበጠበጠ ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ሰጡት። በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው ወደ ሐኪም የተወሰደው።

በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሙቀቱ ተመሳሳይ ነበር። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወድቆ በማግሥቱ አረፈ። ቆዳውን በሰም ቀብቶ ስለነበር ላቡ መውጫ እንዳጣ ይነገራል። በዚያው ውድድር ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ ሙቀቱ ሲያሸንፈው ወደ አንድ መኖሪያ ቤት አትክልት ቦታ ጎራ ብሎ ጠጣ፤ ከዚያም ለማንም ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስዊድናውያን ጋብዘውት ያን ማራቶን «የጨረሰው» ከ54 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም ደንቡ ቶሎ አልተለወጠም። በ1953 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደንብ በማራቶን መጠጥ የሚሰጠው ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነበር፤ አዘጋጁ ካቀረበው ሌላ ሯጩ ይዞ መጠጣት አይችልም። በ1967 መጀመሪያው ወደ 11ኛው ኪሎ ሜትር ቀረበ። ዛሬ የተለመደው፣ ከ5ኛው ኪሎ ሜትር የሚጀምረው የመጠጥ ጣቢያ የመጣው በ1977 ነው። እንግዲህ የአበበ ቢቂላና የማሞ ወልዴ ዘመን ሯጭ የኖረው መጠጣት የደካማ ሰው ምልክት በነበረበት ዓለም ነው። ከአሠልጣኝ ወደ ሯጭ፣ ከሯጭ ወደ ተከታዩ ሲወርድ የመጣው «ጥም የቻለ ነው ጎበዝ» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ የተቀዳ ነው። ጾምን በሚያከብር አገር፣ ራብና ጥምን መቻል በጎ ምግባር በሆነበት ባህል፣ ይህ አስተሳሰብ ለም መሬት አገኘ።

ከዚያ ዓለም ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ። መጠጥ ሻጩ ኢንዱስትሪ አደገ፤ «ሳይጠማህ ጠጣ፣ የቻልከውን ያህል ጠጣ» የሚል ምክር ሰፈነ። የዚህም ዋጋ ታየ። በ2002 በቦስተን ማራቶን አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ ከመጠን በላይ ፈሳሽ ከመጠጣት በመጣ የደም ጨው መቅጠን ሞተች። በዚያው ውድድር 488 ሯጮች ተመርምረው 13 በመቶዎቹ የደማቸው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። ውሃ ማነስ ያደክማል፤ ውሃ መብዛት ይገድላል። ትምህርቱ «ብዙ ጠጡ» አይደለም፤ «ለክታችሁ ጠጡ» ነው።

◆ ከሮም እስከ ዱባይ

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ባዶ እግሩን ዓለም ሁሉ ያስታውሰዋል። ብዙ የማይታወሰው የሩጫው ሰዓት ነው። አዘጋጆቹ የሮምን የቀን ሙቀት ለመሸሽ ማራቶኑን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አስጀመሩት፤ መጨረሻውም በጨለማ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ሆነ። ደጋው ያሳደገው ሯጭ ለደጋ ሰው በሚስማማ ምሽት ሮጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይም ኦሎምፒኩ የተካሄደው በጥቅምት፣ በቀዝቃዛው ወቅት ነበር። በ1968 ማሞ ወልዴ ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ብዙ የማትርቅ። ይህን ማለት የጀግኖቹን ክብር አይቀንስም። ሦስቱ ወርቆች ግን ኢትዮጵያን ከሙቀት ጋር አላፋጠጧትም ማለት ነው። በሙቀት ላይ ስለመሥራት የሚያስገድድ ሽንፈት አልደረሰባትም።

ፈተናው የመጣው ኦሎምፒኩ በበጋ ወራቸው ወደ ሞቃት ከተሞች ሲዞር ነው። በ1996 አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ወበቁን ጥሳ፣ ሁለተኛዋን በሁለት ደቂቃ ቀድማ ገባች፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ2004 አቴንስ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቷ ፖላ ራድክሊፍ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ እልፍነሽ ዓለሙ ታግላ አራተኛ ወጣች። እነዚህ ሴቶች አንድ ነገር አረጋግጠዋል፦ የደጋ ልጅ በሙቀት አይሸነፍም የሚል ሕግ እንደሌለ ሁሉ፣ ይሸነፋል የሚል ሕግም የለም። ቀጭንና ትንሽ ሰውነት እንዲያውም ለሙቀት ይመቻል፤ የሚያመነጨው ሙቀት ያነሰ ነውና።

በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አሥር የታወቁ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀን የሚበሉትንና የሚጠጡትን እየመዘነ ተከታተለ። ምግባቸው ለሩጫ የተመረጠ ያህል ጥሩ ሆኖ ተገኘ፤ ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶው ከእህልና ከመሳሰለው የመጣ ነው። የሚጠጡት ውሃ ግን በቀን አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ፣ 0.9 ሊትር ገደማ ነበር። ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ መካከል ምንም አልጠጡም።

ሌላው ማስረጃ ከራሱ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይመጣል። በ2009 የዱባይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ተመራማሪዎች እንደለኩት ከሰውነቱ ክብደት 9.8 በመቶ አጥቷል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አምስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የስፖርት ሕክምና መጻሕፍት ከሁለት በመቶ በላይ አይጥፋ ሲሉ፣ ኃይሌ አምስት እጥፍ ገደማ አጥቶ ከሁሉ ቀድሞ ገባ።

ይህ ቁጥር በሁለት መንገድ ይነበባል። አንዱ ንባብ «ታዲያ ውሃው ምን ያደርጋል?» ይላል። ፈጣን ሯጭ ቀለል ብሎ መግባቱ፣ ጥምንም መቻሉ፣ የብቃቱ አካል ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ነገሩም ከንቱ አይደለም። ሁለተኛው ንባብ ግን ሁኔታውን ይጠይቃል። ዱባይ ላይ ያን ቀን የዘነበው ዝናብ ነበር፤ ወሩም ጥር ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጣ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ሙቀት ሲጨመርበት ነው። በዝናብ ያመለጠ ጉድለት በወበቅ አያመልጥም። የኃይሌ ድል በዱባይ እውነት ነው፤ የሦስቱ ሴቶች መውደቅ በዶሃም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው የአየሩ ጠባይ ነው።

◆ ሳፖሮ፦ የተደገመው ትምህርት

ዶሃ ዓለምን አስደነገጠ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሳምንታት ሳይቆይ የቶኪዮን ኦሎምፒክ ማራቶን ወደ ሰሜናዊቷ ሳፖሮ አዛወረው። ውድድሩ በ2021 ሲደርስ ሳፖሮም ሞቃ ጠበቀች። የሴቶቹ ማራቶን በዋዜማው ምሽት በድንገት በአንድ ሰዓት ቀድሞ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እንዲነሣ ተደረገ። በማግሥቱ የወንዶቹ ሲካሄድ ከ106 ተወዳዳሪዎች 30ው አቋረጡ። ከአቋረጡት መካከል የዶሃው አሸናፊ ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ ነበሩ። ኢትዮጵያ ያሰለፈቻቸው ሦስቱም።

በዚያው ሩጫ፣ ወደ 28ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ፈረንሳዊ ሯጭ ጠርሙስ ለማንሣት ሲሞክር ተደርድሮ የነበረውን የውሃ ረድፍ ጠራርጎ ጣለው። ምስሉ በዓለም ዞሮ ብዙ ሰው ተሳደበ። ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ቀልብ ስቦ፣ ዋናው ነገር ተዘነጋ፦ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሮጡ እርጥብ ጠርሙስ ከጠረጴዛ መንጠቅ፣ ትንፋሽ ሳይሰበር መዋጥ፣ ያንን ደግሞ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ መድገም እጅና ሆድ የሚማሩት ሙያ ነው። በልምምድ ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ሯጭ ሆድ በውድድር ቀን የሚሰጠውን አይቀበልም፤ ያቅለሸልሸዋል፣ ይወጋዋል። ስለዚህ ይተወዋል። ከዚያ «ውሃ አይስማማኝም» ይላል። ያልተማረውን ትምህርት ተፈጥሮው አድርጎ ይቆጥረዋል።

የሴቶቹ ውጤት ግን ተስፋ ነበረው። ዶሃ ላይ ያቋረጠችው ሮዛ ደረጀ ሳፖሮ ላይ አራተኛ ወጣች። ያው ሰው፣ ያው ሰውነት።

◆ ከጣርማ በር ቁልቁል

ሰውነት ሙቀትን የሚማረው እንዴት ነው? ቀድሞ የደረሱበት የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ኩባንያዎች ናቸው። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ጥልቅና ሞቃት ጉድጓድ ውስጥ የሚወርዱ ሠራተኞች በሙቀት ይሞቱ ስለነበር፣ ሐኪሞች አዲስ ሠራተኞችን ቀስ በቀስ ከሙቀቱ ጋር ማላመድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የተጠናው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ ሰው በየቀኑ በሙቀት ውስጥ ከሠራ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሰውነቱ ይለወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፤ ልቡ ለዚያው ሥራ ያነሰ ይመታል። ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፤ ይበዛል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ግን ይቀንሳል። ትምህርቱ ካልተደገመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከውድድሩ አቅራቢያ መሰጠት አለበት።

ሌሎች ይህን በቁም ነገር ይዘውታል። በዶሃ በማራቶንና በእርምጃ በተወዳደሩ 83 አትሌቶች ላይ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ አስቀድመው ያቀዱት የመጠጥ ስልት ነበራቸው፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ደግሞ ከመነሣታቸው በፊት ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ የበረዶ ሰደርያ ለብሰዋል። ቀዝቃዛ አገር ያላቸው ሰዎች በሞቃት ክፍል ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ሙቀትን ይገዛሉ።

ኢትዮጵያ መግዛት አያስፈልጋትም። ወደ ጓሳ የሚወስደው መንገድ ከዋናው የደሴ ጎዳና የሚገነጠለው ጣርማ በር አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መንገድ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ጠዋት በርኖስ ለብሶ የተነሣ ሰው ቁርሱ ሳይበርድ ሸሚዙን ያወልቃል። ከደጋው ሳይለይ ሙቀትን መማር ለሚፈልግ ሯጭ እንዲህ ያለ ቁልቁለት በዓለም ላይ ብዙ የለም። ይህ አካባቢ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ሰላም የራቀው መሆኑ ሊካድ አይችልም፤ ዛሬ እዚያ ካምፕ ክፈቱ ማለት ቀልድ ይሆናል። ግን ቁልቁለቱ አንድ ብቻ አይደለም። መተሐራ አለች፤ ድሬዳዋ አለች፤ አርባ ምንጭ አለች። የጎደለው ሞቃት መሬት ሳይሆን ሙቀትን የሥልጠናው ክፍል የሚያደርግ ዕቅድ ነው።

ዕቅዱም ውድ አይደለም። ቡድኑ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሳምንት በቆላ። ከልምምድ በፊትና በኋላ የሚመዘንበት ሚዛን፤ የእያንዳንዱ ሯጭ ላብ ስንት እንደሆነ በቁጥር እንዲታወቅ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ሯጩ የለመደው መጠጥ፤ በሶም ቢሆን። ሞቃት አገር የማይቻል ከሆነ ደግሞ ከልምምድ በኋላ ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም ሳውና። ይህ ሁሉ ለአንድ የብሔራዊ ቡድን ጉዞ ከሚወጣው የአውሮፕላን ቲኬት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ደጋው በቂ ነው የሚሉ አሠልጣኞች ክርክራቸው በውጤት የተደገፈ ነው። ታምራት ቶላ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አምጥቷል፤ ትዕግሥት አሰፋ ብር አምጥታለች። ደጋው አይነካ። ሆኖም በሁለት ሞቃት ውድድሮች ስድስት ሯጮች አቋርጠዋል፤ ስድስቱም በዓለም ከሚፈሩት ነበሩ። የአየሩ ሁኔታ ደግሞ ወደ ብርድ እየሄደ አይደለም። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒኩን በሐምሌ ወር ታስተናግዳለች።

ሜዳሊያ ብቻም አይደለም ጉዳዩ። ብሔራዊ ቡድን ሐኪም አለው፤ የሚያነሣው ቃሬዛ አለው። ከየገጠሩ ወጥተው፣ ስማቸው በራዲዮ የማይነገር፣ ለእንጀራቸው በባሕረ ሰላጤውና በእስያ ከተሞች ጎዳና ላይ የሚሮጡ ወጣቶች ግን ብዙ ናቸው። ውጤት ካላመጡ የጉዞውን ዕዳ የሚከፍሉት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ሰውነታቸው «ቁም» ሲላቸው አይቆሙም። የሙቀት ምት ሰው የሚገድል ነገር መሆኑን፣ መንቀጥቀጥና መዘባረቅ ሲመጣ ሩጫው እዚያው ማብቃት እንዳለበት፣ የወደቀን ሰው ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነፍሱን እንደሚያተርፍ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

በኢትዮጵያ ከተሞች የፕላስቲክ ውሃ መያዣ፣ ከአንድ የቀድሞ የታሸገ ውሃ ምርት ስም ተወርሶ፣ «ሃይላንድ» ይባላል። ትርጉሙ ደጋ ነው። የደጋ ስም የያዘው ጠርሙስ ደጋ ላይ በሚሮጠው ልጅ እጅ አለመገኘቱ እንደ ቀልድ ይታይ ይሆናል። የመንዝ አባቶች ግን ጓሳን ያቆዩት በቀልድ አልነበረም። ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ድርቅ እስኪመጣ አይጠብቁም። ከጓሳ የሚፈልቀው ውሃም ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ እየወረደ፣ ታች ያለውን ቆላ ያጠጣል።

ሯጩም እንዲሁ ነው። ጥም ሲይዘው መጠጣት ዘግይቷል፤ ዶሃ ሲደርስ ሙቀት መልመድም ዘግይቷል። አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ። ቅርቡ ቆላው ነው፤ እርጥቡም ገና በእጅ ያለው ጊዜ ነው።